ስለ ፈረስ መኖ

ፈረስ ለሰው ታላቅ አገልግሎት የሚሰጥ እንስሳ ነው። ሰውን ይሸከማል፥ ጭነትም ያደርሳል። በአዊ ምድር፥ በእንጅባራና በዳንግላ ዙሪያ፥ ፈረስ እጅግ የተወደደ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሠረተ። ጥር 23 ቀንም በሚከበረው በዓል ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን ሸልመው በእንጅባራ በብዙ ሕዝብ ፊት ይጋልባሉ።

ነገር ግን ፈረስን መውደድ ብቻ አይበቃም፤ የሚስማማውን ምግብ ማወቅም ያስፈልጋል። ይህን የሚያስረዳ አንድ ታሪክ ስሙ።

በእንጅባራ አጠገብ አንድ ልጅ ነበረ። አባቱም አንድ ዳማ ፈረስ ነበራቸው። በዓሉ በቀረበ ጊዜ ልጁ፥ «ፈረሳችን ብዙ ገብስ ቢበላ ከሌሎቹ ሁሉ ይበረታል» ብሎ አሰበ። አባቱ ወደ ገበያ ሲሄዱም ከጎተራው አንድ ሙሉ ቁና ገብስ ሰፍሮ ሰጠው። ፈረሱ ሁሉንም በላ፤ ልጁም ደስ አለው።

በመሸ ጊዜ ግን ፈረሱ መሬቱን በእግሩ ይጭር፥ ዘወር እያለም ጎኑን ይመለከት ጀመር። ላብ አጠመቀው፤ ወድቆም ተንከባለለ። አባቱ ተመልሰው ይህን ባዩ ጊዜ፥ «ምን በላ?» ብለው ጠየቁ። ልጁ ፈርቶ ነበር፤ ነገር ግን ሳይደብቅ እውነቱን ተናገረ። አባቱም ወዲያው የከብት ሐኪም አስጠሩ። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጠው፤ አባትና ልጅም ሌሊቱን ሁሉ ሳይተኙ ጠበቁት።

ፈረሱ ከሞት ዳነ፤ ነገር ግን በበዓሉ ቀን ሊጋለብ አልቻለም። አባትና ልጅ በእግራቸው ቆመው የሌሎችን ግልቢያ ተመለከቱ። በዚያን ጊዜ አባቱ፥ «ልጄ፥ እውነቱን ፈጥነህ ባትነግረኝ ፈረሳችን በሞተ ነበር። በክፋት አላደረግኸውም፤ ነገር ግን ሳያውቁ መስጠት ከመንፈግ አይሻልም» አሉት።

ገብሱ ፈረሱን ስለ ምን ጎዳው? የበሬ ጨጓራ አራት ክፍል አለው፤ በሬ የበላውን መልሶ ያመሰኳል። የፈረስ ጨጓራ ግን አንድና ትንሽ ነው፤ የሚይዘውም ከ8 እስከ 15 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ደግሞም ፈረስ አያመሰኳም፥ ማስመለስም አይችልም። ስለዚህ እህል ባንድ ጊዜ ሲበዛበት በአንጀቱ ውስጥ ይቦካል፤ ሆዱ ይነፋል፥ ብርቱ ቁርጠትም ይይዘዋል። አንዳንድ ጊዜም ሰኮናው ታሞ ያነክሳል።

እንግዲህ ፈረስ ያለው ሰው ይህን ይጠብቅ።

አንደኛ፥ የፈረስ ዋና ምግብ ሣር ነው። ክብደቱ 250 ኪሎ የሆነ ፈረስ በቀን ከ4 እስከ 5 ኪሎ የሚሆን ደረቅ ሣር ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፥ ገብስ ለሚሠራ ፈረስ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ጥቂት በጥቂት ተከፍሎ፥ ሣር ከበላ በኋላ ይሰጠው።

ሦስተኛ፥ ምግቡ በድንገት አይለወጥ። አዲሱ ምግብ በ7 ወይም በ10 ቀን ውስጥ ቀስ በቀስ ይጨመር። ክረምት ሲወጣ ማገጥ በሜዳው ሲለመልም፥ የተራበ ፈረስ ቀኑን ሙሉ አይሰማራበት።

አራተኛ፥ የሻገተ ድርቆሽ ይጣል። ጓያም አይሰጠው፤ ለብዙ ጊዜ ቢበላው እግሩን ያሽመደምደዋልና።

አምስተኛ፥ ንጹሕ ውሃ ሁልጊዜ ያግኝ። ፈረስ በቀን 20 ሊትርና ከዚያም በላይ ይጠጣል።

ልጆች ሆይ፥ እንስሳ የሚጎዳውን ምግብ በአፉ ሊነግረን አይችልም። እንስሳውን በእውነት የሚወድ ሰው የሚያምረውን ሁሉ አይሰጠውም፤ የሚጠቅመውን ለይቶ በልኩ ይሰጠዋል እንጂ።

ጥያቄ።
፩፤ ልጁ ለፈረሱ ምን ሰጠው? ስለ ምንስ ሰጠው?
፪፤ የፈረስና የበሬ ጨጓራ በምን ይለያያሉ?
፫፤ ልጁ እውነቱን ባይናገር ኖሮ ምን ይሆን ነበር?
፬፤ በቤታችሁ ያለ እንስሳ ምን ይበላል? ምንስ ይጎዳዋል?