የአባላዘር በሽታ ሐኪም የት ይገኛል?

ቢቸና ውስጥ ከአንድ ፀረ ኤድስ ክበብ ጋር ስንወያይ ከጥያቄ ሳጥኑ ስም ያልተጻፈበት ወረቀት ወጣ። «ስሸና ያቃጥለኛል፤ ፈሳሽም አለኝ። በእኛ ከተማ የአባላዘር ስፔሻሊስት የለም ይባላል። ጤና ጣቢያ እንዳልሄድ ነርሷ እናቴን ታውቃታለች። ክረምት ላይ አዲስ አበባ እስክሄድ ብታገሥስ?» ይላል። ሞጣም ተመሳሳይ ጥያቄ ገጥሞኛል።

ስፔሻሊስት እንዴት ይሠለጥናል?

በአገራችን ይህ ሙያ ከቆዳ ሕክምና ጋር ተጣምሮ የሚሰጥ ነው። እንደ ቂጥኝ ያሉ በሽታዎች በቆዳ ላይ ቁስልና ሽፍታ ሆነው ስለሚታዩ ጥምረቱ ትክክል ነው። ሠልጣኙ መጀመሪያ በሕክምና ዶክትሬት ይመረቃል፤ ከዚያ በሆስፒታል በሽተኛ እያከመ ለተጨማሪ ዓመታት ይማራል። በ1965 እ.ኤ.አ. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል አንዱ ማሠልጠኛ ነው። በጠቅላላው አሥር ዓመት ያህል ይፈጃል።

በሽታው ግን አሥር ዓመት አይጠብቅም!

ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በምልክት ላይ የተመሠረተ ሕክምና አዘጋጀ፤ አገራችንም ትጠቀምበታለች። የሠለጠነ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ፈሳሽ፣ ቁስል ወይም የብሽሽት እብጠት ሲያይ፣ ያንን ምልክት በብዛት ለሚያመጡት በሽታዎች በአንድ ላይ መድኃኒት ይሰጣል። ለምሳሌ ፈሳሽ ያለው ወንድ ለጨብጥም ለክላሚዲያም ይታከማል፤ ያውም በዕለቱ። በ1954 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ ጤና መኮንን ማሠልጠን ሲጀመርም ዓላማው ሐኪም ባልደረሰበት ገጠር ሕክምና ማድረስ ነበር።

ዘዴው ጉድለት አለው። ብዙ ሴቶች ክላሚዲያ ወይም ጨብጥ ይዟቸው ምልክት አያዩም። ጨብጥም መድኃኒት እየተላመደ መጥቷል። ላቦራቶሪና ስፔሻሊስት የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው፤ መድኃኒቱ ያልሠራለት በሽተኛ ወደነሱ ይላካል።

ምስጢሩስ?

የወንድማችን ፍርሃት ከንቱ አይደለም፤ በትንሽ ከተማ ወሬ ይሮጣል። ሰው አፍሮ ከቀረ ግን ሥልጠናው ሁሉ ዋጋ የለውም። እንግሊዝ በ1916 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ ይህን ሕክምና ነፃና ምስጢራዊ ያደረገችው ለዚህ ነበር። በእኛም አገር ምስጢር መጠበቅ የባለሙያው ግዴታ ነው። «ሌላ ባለሙያ ይየኝ» ማለት ይቻላል፤ ቢቸናም ሞጣም ሆስፒታል ስላለ ጤና ጣቢያውን የፈራ ወደዚያ ይሂድ።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ክረምትን አትጠብቅ፤ ነገ ጠዋት ሂድ። ያልታከመ የአባላዘር በሽታ መካን ሊያደርግ፣ ለኤች አይ ቪም በር ሊከፍት ይችላል። ከጓደኛ የተረፈ ክኒን አትዋጥ፤ የታዘዘልህን ጨርስ፤ ኤች አይ ቪም ተመርመር። የፍቅር ጓደኛህም ካልታከመች በሽታው ተመልሶ ይይዝሃልና ንገራት።

የመወያያ ጥያቄ፦ በትምህርት ቤታችሁ አንድ ተማሪ አፍሮ ሳይታከም እንዳይቀር ክበባችሁ ምን ማድረግ ይችላል?