የሸክላ ማጫወቻን ክንድ ማሻሻል፦ ከካርትሪጁ ክብደት ጋር ማጣጣም ለምን ያስፈልጋል?

በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና የሚገኘው ሠፈር «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚለውን ይፋዊ ስያሜ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ከዚያ ሠፈር አንሥቶ እስከ ሃውቶርን ድረስ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤቶች፣ ከአገር ቤት በሻንጣ ተይዘው የመጡ የሙዚቃ ሸክላዎች ዛሬም ይገኛሉ። ከእነዚህ መካከል አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው አምሃ ሪከርድስ የወጡ ባለ 45 ዙር ነጠላ ሸክላዎች ይጠቀሳሉ። ድርጅቱ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አሳትሟል። ኋላ የካሴት ዘመን ሲመጣ የሸክላ ኅትመት ቆመ። ከእነዚያ ሥራዎች አንዳንዶቹ «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ የሲዲ ኅትመት ዳግም ለአድማጭ ቢደርሱም፣ ብዙዎቹ ግን ዛሬም ከመጀመሪያው ሸክላ በቀር ሌላ ማደሪያ የላቸውም።

እንዲህ ያለ ሸክላ በእጁ ያለ ሰው ማጫወቻውን ለማሻሻል ቢነሣ፣ የሚያስበው ለድምፁ ጥራት ብቻ ሊሆን አይገባም። ያልተስማማ ክንድና መርፌ ድምፅን ከማበላሸት አልፈው የሸክላውን ቦይ ይጎዳሉ፤ የተጎዳ ቦይም ዳግም አይጠገንም። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት የሁለቱን ዝምድና መረዳት ያሻል።

ክንዱና መርፌው የሚከፋፈሉት ሥራ

በሸክላው ቦይ ግድግዳ ላይ የተቀረጸው ሞገድ የመርፌውን ጫፍ ያንቀጠቅጠዋል። መርፌው የተተከለበት ቀጭን ዘንግ ንቅናቄውን ወደ ካርትሪጁ ያደርሳል፤ ካርትሪጁም ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጠዋል። የክንዱ ድርሻ ግን ተቃራኒ ነው፤ መርፌው በሙዚቃው ሲንቀጠቀጥ ክንዱ ካርትሪጁን ይዞ ጸጥ ማለት አለበት። ይሁን እንጂ ሸክላው ጎብጦ ከፍ ዝቅ ሲል፣ ወይም ቦዩ ቀስ በቀስ ወደ መሐል ሲጠጋ፣ ክንዱ ያለ ማመንታት ሊከተለው ይገባል። በአጭሩ ክንዱ ለፈጣኑ ንቅናቄ የጸና፣ ለዝግተኛው ደግሞ ታዛዥ መሆን ይጠበቅበታል።

ይህን ድንበር የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የክንዱና የካርትሪጁ ክብደት ነው። ሁለተኛው የመርፌው ዘንግ የተቀመጠበት ላስቲክ ልልነት ሲሆን፣ ባለሙያዎች ኮምፕላያንስ ይሉታል። ክብደት ከመለጠጫ ጋር ሲገናኝ፣ በሞላ ጫፍ ላይ እንደተንጠለጠለ ድንጋይ፣ የራሱ የሆነ የመወዛወዣ ፍጥነት ይኖረዋል። ከውጭ የሚመጣ ግፊት ከዚህ ፍጥነት ጋር ሲገጥም ውዝዋዜው እየጎላ ይሄዳል። ይህም ክሥተት ሬዞናንስ ይባላል።

ከ8 እስከ 12 ኸርዝ

ሬዞናንስን ፈጽሞ ማስቀረት አይቻልም፤ የሚቻለው ጉዳት በማያደርስበት ስፍራ ማስቀመጥ ነው። በ45 ዙር የሚሽከረከር ሸክላ በሰከንድ 0.75 ጊዜ ይዞራል። የጎበጠ ሸክላ የሚፈጥረው ንቅናቄም በአብዛኛው ከዚህ ጀምሮ እስከ 6 ወይም 7 ኸርዝ ይደርሳል። የሰው ጆሮ የሚሰማው ድምፅ ደግሞ ከ20 ኸርዝ ገደማ ይጀምራል። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍት ቦታ፣ ማለትም ከ8 እስከ 12 ኸርዝ፣ ተመራጩ ማረፊያ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። በመጀመሪያ የክንዱን ውጤታማ ክብደት፣ የካርትሪጁንና የብሎኖቹን ክብደት በግራም ይደምሩ። ድምሩን በማይክሮሜትር በሚሊኒውተን በተገለጸው ልልነት ያባዙ። የብዜቱን ስኩዌር ሩት ያውጡና 159ን ለእርሱ ያካፍሉ፤ ውጤቱ በኸርዝ ይሆናል።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ የቀረበውን ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ኤምኬ2 እንውሰድ። የክንዱ ውጤታማ ክብደት ካርትሪጅ ሳይጨመር 12 ግራም ነው። ኦርቶፎን ቱኤም ሬድ የተባለው ካርትሪጅ 7.2 ግራም ይመዝናል፤ ልልነቱም 20 ነው። ለብሎኖቹ 1 ግራም ብንይዝ ድምሩ 20.2 ግራም፣ ብዜቱ 404፣ ስኩዌር ሩቱ 20.1 ገደማ ነው። 159 ለ20.1 ሲካፈል 7.9 ኸርዝ ይሰጣል፤ ይህም በታችኛው ድንበር ላይ የሚገኝ ተቀባይነት ያለው ጋብቻ ነው።

አሁን ባለቤቱ «ከባድ ነገር ይጸናል» ብሎ ካርትሪጁ የሚታሰርበትን ጭንቅላት 5 ግራም በሚበልጥ ጭንቅላት ለወጠው እንበል። ድምሩ 25.2 ግራም ይሆንና ሬዞናንሱ ወደ 7.1 ኸርዝ ይወርዳል። ገንዘብ ወጥቶበታል፤ ነገር ግን ማጫወቻው ለጎበጠ ሸክላ ከቀድሞው ይልቅ የማይመች ሆኗል።

ግራሙ የት ነው ያለው?

ውጤታማ ክብደት ሲባል ክንዱ በሚዛን ላይ የሚያሳየው ክብደት ማለት አይደለም። በር በመያዣው በኩል ሲገፋ በቀላሉ ይከፈታል፤ በማጠፊያው በኩል ሲገፋ ግን ያስቸግራል። በክንድም ላይ የአንድ ግራም ተጽዕኖ ከመዞሪያው ነጥብ ባለው ርቀት ይወሰናል፤ ተጽዕኖውም በርቀቱ ካሬ ያድጋል። ከመዞሪያው እስከ መርፌው 23 ሴንቲሜትር በሆነ ክንድ ላይ፣ ከኋላ በ3 ሴንቲሜትር ርቀት የተቀመጠ 100 ግራም ማመጣጠኛ የሚጨምረው ውጤታማ ክብደት 1.7 ግራም ብቻ ነው። በመርፌው ጫፍ ላይ የተጨመረ 1 ግራም ግን እንዳለ 1 ግራም ይቆጠራል። ስለዚህ ክንድን ማቅለል የሚፈልግ ሰው ከጭንቅላቱ ይጀምር።

ሁለት የተለመዱ ስሕተቶች

የመጀመሪያው በአምራቹ ወረቀት ላይ የሰፈረውን ልልነት ሳይመረምሩ መውሰድ ነው። የጃፓን አምራቾች አብዛኛውን ጊዜ ልልነትን የሚለኩት በ100 ኸርዝ ሲሆን፣ ለስሌታችን የሚያስፈልገው ግን በ10 ኸርዝ የሚለካው ነው። ለምሳሌ የዴነን ዲኤል-103 ካርትሪጅ 8.5 ግራም ይመዝናል፤ በ100 ኸርዝ የተለካው ልልነቱ 5 ነው። ቁጥሩን እንዳለ ወስደን ከላይ ባየነው ክንድ ብናሰላ 15.3 ኸርዝ እናገኛለን፤ ክንዱ በጣም የቀለለ ይመስለናል። እንደ ልማዳዊው ግምት በ1.5 ወይም በ2 ብናባዛው፣ ልልነቱ ወደ 10 ሲጠጋ ውጤቱ 10.8 ኸርዝ ይሆናል። ይህ ማባዣ ግምት እንጂ ሕግ ባለመሆኑ፣ ከስሌቱ በኋላ በዓይንና በጆሮ ማረጋገጥ ይገባል።

ሁለተኛው ስሕተት «የመርፌውን ጫና ባቀለልሁ ቁጥር ሸክላዬን አተርፋለሁ» የሚለው እምነት ነው። ጫናው አምራቹ ካዘዘው ሲያንስ መርፌው ከቦዩ ግድግዳ ጋር መገናኘቱን ያጣል፤ ሲመለስም እየመታ ይገባል። መርፌው አልማዝ ነው፣ ቦዩ ፕላስቲክ ነው፤ ከሁለቱ የሚሸነፈው የታወቀ ነው። ሬዞናንሱ በተሳሳተ ስፍራ ሲሆንም ችግሩ ያው ነው፤ በሚዛን የተስተካከለው ጫና በእያንዳንዱ ጉብታ ላይ ይጨምራል፣ ይቀንሳል።

ከመግዛት በፊት፣ ከገጠሙ በኋላ

በቅድሚያ የክንድዎን ውጤታማ ክብደት ከመመሪያው ያግኙና ካርትሪጁን በዚያ መሠረት ይምረጡ። በጥቅሉ ከባድ ክንድ ጠንካራ መርፌን፣ ቀላል ክንድ ደግሞ ልል መርፌን ይሻል። ልልነቱ 30፣ ክብደቱ 6 ግራም የሆነ የቀድሞ ዘመን ካርትሪጅ በ18 ግራም ክንድ ላይ ቢታሰር ሬዞናንሱ 5.8 ኸርዝ ላይ ይወድቃል፤ በ5 ግራም ክንድ ላይ ግን 8.4 ኸርዝ ይሆናል።

አዲሱን ካርትሪጅ ካሰሩ በኋላ የኋላውን ማመጣጠኛ እንደገና ያስተካክሉ። የመርፌውን ጫናም ለዚሁ በተሠራ ትንሽ ሚዛን አምራቹ ባዘዘው ልክ ያድርጉ። ከዚያ ዋጋ የማይሰጡትን አንድ የጎበጠ ሸክላ አጫውተው በጎን በኩል ይመልከቱ። ካርትሪጁ ከሸክላው ጋር በአንድነት ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ መልካም ነው። መርፌው ወደ ካርትሪጁ ሆድ የሚገባና የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም የድምፅ ማጉያው ትልቁ ሽፋን ሙዚቃ በሌለበት ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ጋብቻው አልሰመረም።

በካሊፎርኒያ ፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት የተረሳ ሸክላ እንኳ ሊጎብጥ ይችላል፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት የተጓዘውማ መጉበጡ አያስገርምም። ለእንዲህ ያለው ሸክላ ከሁሉ የሚበጀው፣ ዋጋው ምንም ይሁን ምን፣ እርስ በርሱ የተስማማ ክንድና መርፌ ነው። የሚተካ ቅጂ የሌለውን ዘፈን ከማጫወት በፊት በወረቀት ላይ የሚደረግ የአምስት ደቂቃ ስሌት ብዙ ጸጸትን ያስቀራል።