ማፍላት የማያጠፋው መርዝ

«ዶክተር፣ የሐይቁ ውሃ ትንሽ አረንጓዴ ነው፤ አፍልተን ብንጠጣው ችግር አለው?» የሚል ጥያቄ ደርሶኛል። አዎ፣ ችግር አለው። ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ወዳለችው ቶሌዶ ከተማ ልውሰዳችሁ።

ሐምሌ 26 ቀን 2006 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 2014) ቅዳሜ ጠዋት ላይ 400 ሺህ ለሚሆን ሕዝብ «የቧንቧ ውሃ አትጠጡ፣ አታፍሉትም» ተባለ። ሱቆች ውስጥ የታሸገ ውሃ ወዲያው አለቀ። ከተማዋ የምትጠጣው ከኤሪ ሐይቅ ነው። ከእርሻ የሚታጠበው ማዳበሪያና የከብት ፍግ በማውሚ ወንዝ በኩል ሐይቁ ውስጥ ይገባል፤ በውስጡ ያለው ፎስፈረስ ደግሞ ሳያኖባክቴሪያ የሚባሉትን አረንጓዴ ተሕዋስያን ይቀልባል። እነሱም ማይክሮሲስቲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመርታሉ።

የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሐይቁ ዳር የምርምር ማዕከል አለው። ባለሙያዎቹ በበጋቸው በጀልባ እየወጡ ናሙና ይቀዳሉ፤ መርዙ ውሃ ማጣሪያ ጣቢያው ጋ ሳይደርስ እንዲታወቅ ማለት ነው። ከሐይቁ ውስጥ መርዙን የሚሰባብሩ ባክቴሪያዎችንም ለይተው ለማጣሪያነት እየሞከሯቸው ነው። እኔን እንደ ሐኪም በጣም የሳበኝ ግን የሕክምና ትምህርት ቤቱ ሥራ ነው። ጉበታቸው ስብ የያዘ አይጦች፣ ለጤነኛ አይጥ ጉዳት የለውም በሚባል መጠን እንኳ መርዙን ሲወስዱ ጉበታቸው ይበልጥ ተጎዳ። አይጥ ሰው አይደለም፣ እውነት ነው። ግን የጉበት ስብ ያለበት ሰው ስንት ነው? እኔ አልትራሳውንድ ሳዝዝ በየጊዜው የማየው ነገር ነው።

አሁን ወደ ማፍላቱ እንምጣ። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ለታይፎይድ፣ ለኮሌራ፣ ለጃርዲያ አሁንም አፍሉ። ማይክሮሲስቲን ግን ጀርም ሳይሆን ኬሚካል ነው፣ ሙቀት ይችላል። ስታፈሉት ሕዋሱ ይፈነዳና የያዘውን መርዝ ውሃው ውስጥ ይለቃል፤ ውሃው ሲተን ደግሞ የቀረው ይወፍራል። ክሎሪን ጠብ ማድረግም ሕዋሱን እንዲሁ ሊያፈነዳው ስለሚችል፣ ቤት ውስጥ በሱ አትተማመኑ። በጨርቅ ማጥለልማ ጭራሽ አይረዳም።

መርዙ በቀጥታ ደም ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ ብራዚል፣ ካሩዋሩ ከተማ ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 በተበከለ ውሃ የኩላሊት እጥበት ከተደረገላቸው ታካሚዎች ከ50 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል።

እኛም ጋ አለ። ተመራማሪዎች በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን፣ በተለይ ቆቃ ላይ፣ ይህንኑ መርዝ አግኝተዋል።

ስለዚህ ለሽርሽር ወጥታችሁ ሐይቅ ዳር አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ የሚመስል ውሃ ካያችሁ ልጆች አይዋኙበት፣ ውሻችሁም አይጠጣው። ከዚያ የወጣ ዓሣ ከሆነ ሆድ ዕቃውን፣ በተለይ ጉበቱን ጣሉ፤ ሥጋውን በንጹሕ ውሃ እጠቡ። ገጠር ያሉ ቤተሰቦቻችሁም እንዲህ ያለውን ውሃ ትተው ከጉድጓድ ወይም ከተጠበቀ ምንጭ እንዲቀዱ ንገሯቸው። ውሃው ከነካችሁ ወይም ከጠጣችሁ በኋላ ትውከት፣ ተቅማጥ፣ የቆዳ ሽፍታ ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ከመጣ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ስትሄዱም «አረንጓዴ ውሃ ነክቶኛል» ብላችሁ ንገሩ፤ ካልነገራችሁን እኛም ላናስበው እንችላለን።