መኪናው ሲያንገጫግጭ የትኛው ዕቃ ይለወጥ? ወጪውስ በታክስ እንዴት ይታያል?

በዛሬው ዓምዳችን የምንነጋገረው የብዙዎቻችን የሥራ መሣሪያ ስለሆነው ስለ መኪና፣ በተለይም ዕድሜው ስለ ገፋ ኤስ.ዩ.ቪ. ነው። ባለ ሱቁ የጤፍ ዱቄቱንና የዘይት ካርቶኑን የሚያጓጉዝበት፣ ባለ ታክሲውም በቀን አሥርና አሥራ ሁለት ሰዓት የሚቀመጥበት መኪና መንገጫገጭ ሲጀምር ጉዳቱ በወገብ ብቻ አይወሰንም። ለኪስም ይተርፋል።

የሙያዬ ነገር ሆኖ የብዙ ባለ ንግዶችን የጋራዥ ደረሰኝ አያለሁ። አራት አሞርዛተር፣ አራት ሞላ፣ መኪናውን ከፍ ማድረጊያ ዕቃ፣ አዲስ ጎማ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ተገዝቶ ይመጣል። ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄ «ይህ ሁሉ በታክስ ይያዝልኛል አይደል?» የሚል ነው። መልሱ ለአብዛኛው ሰው «ለብቻው አይያዝም» ነው። ስለዚህ ወጪው ከራስዎ ኪስ እንደሚወጣ አውቀው፣ ያረጀውን ዕቃ ለይተው፣ በተራ በተራ ቢለውጡ ይሻላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆን ማለቴ ነው።

1. የትኛው ዕቃ ምን ይሠራል?

በምሳሌነት በወገኖቻችን እጅ በብዛት የሚታየውን፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2002 ሞዴል ያለውን ቶዮታ ፎር ራነር እንውሰድ። ይህ መኪና አካሉ በሻንሲ ላይ የተቀመጠ ነው። የፊት ጎማዎቹ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይንቀሳቀሳሉ፤ የኋላዎቹ ግን በአንድ ወጥ አክስል ተያይዘዋል። ስለሆነም አንደኛው የኋላ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላውም ይነካል። አዲስ ሳለም እንደ ካምሪ የሚንሳፈፍ አልነበረም፤ አሁንም እንዲሆን መጠበቅ የለብንም። ልንመልሰው የምንችለው ድሮ የነበረውን ምቾት ነው።

ሞላ የመኪናውን ክብደት ይሸከማል። አሞርዛተር፣ እዚህ አገር ሾክ የሚሉት፣ ሥራው ሌላ ነው፤ ሞላው ከተጨመቀ በኋላ እየደጋገመ እንዳይዘል ይገታዋል። በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ ሲያልፍ የዝላዩን ኃይል ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። መኪናዬ ወደ ኋላ ዝቅ አለ ብሎ አሞርዛተር የሚለውጥ ሰው እንግዲህ የሞላውን በሽታ በአሞርዛተር እያከመ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት የሕመሙን ምልክት ይለዩ፦

ሀ. ጉብታ ካለፉ በኋላ መኪናው ሁለት ሦስት ጊዜ የሚዘል ከሆነ፣ ወይም አሞርዛተሩ ዘይት ካፈሰሰ፣ አሞርዛተሩ ደክሟል።

ለ. በእያንዳንዱ ትንሽ ስንጥቅ ላይ ወገብ የሚመታ ከሆነ የጎማው አየር በዝቶ፣ ጎማው ራሱ ደረቅ ሆኖ ወይም ማያያዣ ላስቲኮቹ ጠንክረው ሊሆን ይችላል።

ሐ. ዕቃ ሲጫን የኋላው ተቀምጦ በጉብታ ላይ «ዱብ» የሚል ከሆነ ሞላው ደክሟል፣ ወይም ጭነቱ ከልክ አልፏል።

መ. በቀስታ ሲነዱ ወይም ሲያዞሩ «ኳ ኳ» የሚል ድምፅ ካለ ቴስቲናና ማያያዣዎች ይታዩ።

ሠ. በተወሰነ ፍጥነት ላይ ብቻ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አስቀድሞ የጎማ ባላንስ ይታይ። ይህ በጥቂት ዶላር የሚያልቅ ነው።

2. በምን ቅደም ተከተል እንሥራ?

«መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ዝንጀሮ። እኛም ከቀላሉና ከአስቸኳዩ እንጀምር።

አንደኛ፣ ጎማ። ትክክለኛው የአየር መጠን የተጻፈው በሹፌሩ በር በኩል በተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው። በጎማው ጎን ላይ የታተመው ቁጥር ጎማው የሚችለው የመጨረሻው ልክ እንጂ ለእርስዎ መኪና የታዘዘ አይደለም። በዚያ ቁጥር የሚሞላ ሰው ደረቅ ጉዞ በነፃ ሸመተ ማለት ነው። የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። የጎማውን ዕድሜ ለማወቅ ደግሞ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች ይመልከቱ፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ለከባድ ጭነት የተሠራ የፒክ አፕ ጎማም ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ቀላል ጭነት ለሚጭን ሰው ጉዞውን ያደርቅበታል።

ሁለተኛ፣ ቴስቲና፣ በተለይ እዚህ ቦል ጆይንት የሚሉት የታችኛው። ይህ የምቾት ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነው። በዚህ ዓይነቱ ፎር ራነር የመኪናው ክብደት የታችኛውን ቦል ጆይንት ወደ ውስጥ አይጫነውም፤ እንዲለያይ ወደ ውጭ ይስበዋል። በጣም ካረጀ ሊላቀቅና የፊት ጎማው በጉዞ ላይ እያለ ከመኪናው ሥር ሊታጠፍ ይችላል። ስለዚህ አንድ ዶላር ለምቾት ከማውጣትዎ በፊት መካኒኩ መኪናውን አንሥቶ ይህን ይፈትሽልዎ። ልቅ ከሆነ ዛሬ ነገ ሳይሉ ያስለውጡ። ርካሽ ዕቃ የሚፈለግበት ቦታም አይደለም።

ሦስተኛ፣ አሞርዛተር። በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለቱ አብረው ይለወጣሉ። «ሄቪ ዲዩቲ» የሚለው ቃል አያታልልዎ፤ ጠንካራ ማለት እንጂ ለስላሳ ማለት አይደለም። ሁለት ቱቦ ያለው፣ ከፋብሪካው ጋር የተቀራረበው ዓይነት ለከተማ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ይለሰልሳል፤ ነጠላ ቱቦና ከፍተኛ የጋዝ ግፊት ያለው ለኮረኮንችና ለጭነት ይበረታል እንጂ በአነስተኛ ስንጥቆች ላይ ይደርቃል። የፊቱ አሞርዛተር ከሞላው ጋር አንድ ላይ የታሰረ ነው። የተጨመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላልና ተገቢው መሣሪያ ሳይኖር በቤት ጓሮ አይፈታ።

አራተኛ፣ ማያያዣ ላስቲኮች፣ መካኒኮቻችን ጎሚኒ፣ እዚህ ቡሽንግ የሚሏቸው። ሃያ ዓመት ያለፈው ላስቲክ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። የጉዞ ምቾት ከፈለጉ በላስቲክ ያስተኩ፤ ፖሊዩሬቴን የሚባለው ቢቆይም ንዝረቱን ወደ ውስጥ ያስገባል። አንድ ምክር ይያዙ፦ ብሎኖቹ ለመጨረሻ ጊዜ የሚጠብቁት መኪናው ክብደቱ በጎማዎቹ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ጎማው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቁ ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።

አምስተኛ፣ ሞላ። ሞላ የሚመረጠው በዘወትር ጭነት ልክ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ከጅምላ ሻጭ ጤፍና ዘይት የሚያመጣ ባለ ሱቅ ለዚያች ቀን ብሎ ጠንካራ ሞላ ቢያስገባ ስድስቱን ቀን ባዶ መኪና ሲያንገጫግጨው ይኖራል። ለእንዲህ ያለው በኋላ ሞላ ውስጥ የሚገባ በአየር የሚሞላ ከረጢት አለ፤ ሲጭኑ ይሞሉታል፣ ሲያራግፉ ያስተነፍሱታል። ይሁን እንጂ ከረጢቱ መኪናው እንዲሸከም የተፈቀደለትን ክብደት አይጨምርም። እሱም በሹፌሩ በር በኩል ተጽፏል።

በመጨረሻም የፊት ዕቃ ከተነካ ዊል አላይመንት ግድ ነው። ካልሆነ አዲሱ ጎማ ባንድ ወገን ተበልቶ ያልቃል። አንዱን ደረጃ ጨርሰው አንድ ሳምንት ይንዱ፤ ካልተሻለ ወደሚቀጥለው ይለፉ። ብዙ ጊዜ ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ይበቃዎታል።

መኪናውን ከፍ ስለማድረግ አንድ ቃል። ከፍ ማድረግ የምቾት መድኃኒት አይደለም። ለመገልበጥ ያቀርበዋል፤ የፊት መጋጠሚያዎቹንም ያለ ቦታቸው ያዘነብላቸዋል። ተሳፋሪ የሚጭኑ ከሆነ ከመንካትዎ በፊት ኢንሹራንስዎንና ፈቃድ የሰጠዎን መሥሪያ ቤት ይጠይቁ።

3. ወጪው በታክስ

ከዚህ በታች ያለው በግል ስማቸው ሠርተው ስኬጁል ሲ ለሚሞሉ ነው፤ ኮርፖሬሽን ላቋቋመ ደንቡ ይለያል።

የመኪና ወጪ በሁለት መንገድ ይያዛል። አንደኛው ለሥራ የነዱትን ማይል በተወሰነ ተመን ማባዛት ነው። አይ.አር.ኤስ. ይህን ተመን በየጊዜው ያወጣል፤ ለ2024 በማይል 67 ሳንቲም፣ ለ2025 ደግሞ 70 ሳንቲም ነበር። ሁለተኛው ቤንዚኑን፣ ኢንሹራንሱን፣ ጥገናውንና የመኪናውን የዋጋ ቅናሽ ደምሮ የሥራውን ድርሻ መያዝ ነው። ታክሲዎች በማይል ተመን መጠቀም የተፈቀደላቸው ከ2011 ጀምሮ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው፦ በማይል ተመኑ ውስጥ ጥገናው፣ ጎማውና አሞርዛተሩ ተቆጥሯል። ስለዚህ በማይል የያዘ ሰው የአሞርዛተሩን ደረሰኝ ጨምሮ ቢያስገባ አንዱን ወጪ ሁለት ጊዜ መያዙ ነው። ምርመራ ቢመጣ ይሰረዝበታል፤ ታክሱን ከነወለዱ፣ ምናልባትም ከነቅጣቱ ይከፍላል። ለብቻው ሊጨመር የሚችለው ለሥራ የከፈሉት የፓርኪንግና የመንገድ ክፍያ ነው።

በቁጥር እንየው። አንድ ባለ ሱቅ በ2025 በጠቅላላው 16,000 ማይል ነዳ እንበል፤ ከዚህ 12,000ው፣ ማለትም 75 በመቶው፣ ለሥራ ነው። በማይል ተመን 12,000 በ70 ሳንቲም ሲባዛ 8,400 ዶላር ይያዝለታል። በሌላው መንገድ ደግሞ ቤንዚን 2,900፣ ኢንሹራንስ 1,700፣ ዘይትና ልዩ ልዩ ጥገና 700፣ ምዝገባና ምርመራ 200፣ አሞርዛተርና ቦል ጆይንት 1,300፣ በድምሩ 6,800 ዶላር ይሆናል። የዋጋ ቅናሹ ካለቀ የሥራው ድርሻ 5,100 ነው። እንግዲህ ያን ሁሉ ጥገና ጨምሮም የማይል ተመኑ በ3,300 ዶላር ይበልጣል። በተቃራኒው ጥቂት ማይል ነድቶ ብዙ ጥገና የከፈለ ሰው ሁለተኛው ሊሻለው ይችላል።

ሁለተኛውን መንገድ ቢመርጥስ? ከ1,300ው የሥራው ድርሻ 975 ዶላር ነው። ከእያንዳንዱ ዶላር 25 ሳንቲም ታክስ የሚከፍል ቢሆን የሚድንለት 244 ዶላር ገደማ ነው። የቀረው 1,056 ዶላር ከኪሱ ወጥቷል። «በታክስ ይያዛል» ማለት «መንግሥት ከፈለልኝ» ማለት አይደለም።

የሚከተሉትንም ያስታውሱ፦

ሀ. በማይል ተመን ለመጠቀም መኪናው ለሥራ በዋለበት በመጀመሪያው ዓመት ይህን መንገድ መምረጥ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ወደ ሁለተኛው መዛወር ይቻላል። አምስትና ከዚያ በላይ መኪና ባንድ ጊዜ የሚያሠራ ግን በማይል ተመን አይጠቀምም።

ለ. በሁለተኛው መንገድ የሚሄዱ ከሆነ ያረጀን ዕቃ በመሰሉ መተካት በአብዛኛው ጥገና ነውና በዚያው ዓመት ይያዛል። መኪናውን ከፍ ማድረግና ለሌላ ሥራ መለወጥ ግን ማሻሻያ ተብሎ በየዓመቱ እየተከፋፈለ እንዲያዝ ሊያስገድድ ይችላል። ደረሰኙ ከ2,500 ዶላር ካልበለጠ ግን በዚያው ዓመት ለመያዝ የሚያስችል ምርጫ አለ፤ መግለጫው ከታክሱ ፎርም ጋር መያያዝ አለበትና አሠሪዎን ይጠይቁ።

ሐ. ከቤት ወደ ሱቅ መመላለስ የግል ጉዞ ነው፤ ከሱቅ ወደ ጅምላ ሻጭ መሄድ ግን ሥራ ነው። ቀኑን፣ የሄዱበትን ቦታ፣ ምክንያቱንና ማይሉን በዕለቱ ይጻፉ። በሚያዝያ በግምት የተሞላ ደብተር በምርመራ ጊዜ አያድንም።

መ. ደረሰኙ ላይ የዕቃው ዓይነት፣ የእጅ ዋጋው ለብቻው፣ የመኪናው ታርጋና ማይሉ ይጻፍ። «ጥገና፣ 1,300 ዶላር» ብቻ የሚል ወረቀት ለአይ.አር.ኤስ.ም፣ ዋስትና ለሰጠው ጋራዥም ማስረጃ አይሆንም።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ሁለት ነገር ያድርጉ። ጠዋት ሱቁን ከመክፈትዎ ወይም ታክሲውን ከማንቀሳቀስዎ በፊት የጎማዎን አየር ለክተው በበሩ ላይ ካለው ቁጥር ጋር ያስተያዩ። ቀጥሎ ለመካኒክዎ «ገና ምንም አልገዛም፤ አስቀድመህ ቦል ጆይንቱን ፈትሽልኝ፣ የላላውንም በዓይኔ አሳየኝ» ይበሉት። የቀረው ይደርሳል።

እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን።