ቁመትና ከፍታ

«ረጅም» የሚለው ቅጽል ለሰውም ለገመድም ስለሚያገለግል በዳላስና በፎርት ወርዝ ያደጉ ልጆቻችንን ግር ያሰኛል። ከዚህ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ግን የቁመትና የከፍታ ልዩነት ነው። «ቁመት» «ቆመ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ የቆመ ነገር ከእግሩ እስከ ራሱ የሚለካበት ነው፤ «ከፍታ» ደግሞ ሥፍራው ከባሕር ወለል ምን ያህል እንደሚርቅ ይገልጻል። የዳላስ ረጅሙ ሕንጻ፣ ባንክ ኦፍ አሜሪካ ፕላዛ፣ ቁመቱ 281 ሜትር ነው። ይሁንና የከተማዋ ከፍታ 130 ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ የሕንጻው ጫፍ እንኳ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ከአዲስ አበባ መሬት እጅግ ዝቅ ይላል። ወደ አገር ቤት የሄደ መንገደኛ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልከው ስለዚህ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅን ይቀንሳል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ከጉዞው በፊት ለሐኪሙ ሊነግረው የሚገባው የሚሄድበትን ሥፍራ ከፍታ ነው፤ በሕክምና ቅጹ ላይ ከክብደት ጎን የሚሞላው ግን ቁመቱን ነው።