የመኖሪያ ካርድና የቪዛ ግዴታ፦ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች የትዳር አጋሮች ሁኔታ

በአውሮፓ ኅብረት መመሪያ 2004/38 አንቀጽ 5 መሠረት፣ ከኅብረቱ ዜጋ ጋር ወደ ሌላ አባል አገር የሚጓዝ የሦስተኛ አገር ተወላጅ የትዳር አጋር የመግቢያ ቪዛ ሊጠየቅ ይችላል፤ ቪዛው ግን ያለ ክፍያና በተፋጠነ ሥርዓት ይሰጣል። በአንቀጽ 10 የተመለከተውን የመኖሪያ ካርድ የያዘ ደግሞ ከቪዛ ግዴታ ነፃ ነው።

ዋናው ጥያቄ ካርዱን የሚያገኘው ማን ነው የሚለው ነው። በአንቀጽ 3 መሠረት መመሪያው ተፈጻሚ የሚሆነው ዜጋው ከራሱ አገር ውጭ ወደሆነ አባል አገር ሲሄድ ወይም በዚያ ሲኖር ነው። ስለዚህ ከጀርመናዊ ባሏ ጋር በፓሪስ የምትኖር ኢትዮጵያዊት ካርዱን ታገኛለች፤ ከእርሱ ጋር ወደ አየርላንድ ለመጓዝም ቪዛ አያስፈልጋትም። ባልና ሚስቱ በበርሊን የሚኖሩ ከሆነ ግን የምትይዘው በጀርመን የውስጥ ሕግ የተሰጠ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ይህ ፈቃድ በሸንገን ክልል ውስጥ ለአጭር ጊዜ ለመዘዋወር ያስችላታል፤ አየርላንድ ግን ከክልሉ ውጭ በመሆኗ ቪዛ ማውጣት ይኖርባታል።

የኅብረቱ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 በማካርቲ ጉዳይ፣ በወቅቱ አባል የነበረችው ብሪታንያ ካርዱን የያዙትን የቤተሰብ አባላት ተጨማሪ የመግቢያ ፈቃድ እንዲያወጡ በጅምላ ማስገደድ እንደማትችል ወስኗል። ውሳኔው ካርዱን ያጸናል፤ ካርዱን ለማግኘት ያልቻሉትን ግን አይመለከትም። ከዚህ የምንረዳው የቪዛው ነፃነት የሚመነጨው ከጋብቻው ብቻ ሳይሆን ዜጋው ከአገሩ ወጥቶ ከመኖሩ መሆኑን ነው። በመሆኑም በአገሩ የሚኖር ዜጋ የትዳር አጋር፣ በሌላ አባል አገር ከሚኖር ዜጋ የትዳር አጋር ያነሰ የመዘዋወር ነፃነት አለው።