አንደበቱ ለተያዘ ምእመን ዜማ ያለው ረድኤት

ዳዊት በገና ሲደረድር ሳኦል ያርፍ እንደነበር በመጽሐፈ ሳሙኤል ተጽፏል። የዘመናችን ሕክምናም በዜማ ይጠቀማል። በስትሮክ፣ በመኪና አደጋ ወይም በዱላ ምት የአንጎሉ ግራ ክፍል የተጎዳ ሰው ውኃ ለመጠየቅ አንደበቱ ቢያዝበትም፣ ከልጅነቱ የሚያውቀውን መዝሙር ከነቃሉ ሊያዜም ይችላል፤ ንግግር በአብዛኛው በግራው ክፍል ሲመራ ዜማ ቀኙንም ያሳትፋልና። በወቅቱ የምክር ቤት አባል የነበሩት አሜሪካዊቷ ጋብሪኤል ጊፈርድስ እ.ኤ.አ. በ2011 ጭንቅላታቸውን በጥይት ከተመቱ በኋላ ንግግርን በዜማ ጭምር ተለማምደዋል።

ለዚህ የሠለጠነ ባለሙያ በየገጠሩ አይገኝም፤ ዜማ አዋቂ ግን በየደብራችን አለ። እንግዲህ የሰበካ ጉባኤው ጎብኚ የታወቀውን መዝሙር በዝግታ ይጀምርለት፤ ቀጥሎም «ውኃ ስጡኝ» የሚለውን ከፍና ዝቅ በሚል ድምፅ፣ የበሽተኛውን ግራ እጅ በቀስታ እያስመታ፣ አብሮት ይበል። ቃሉ ሲለመድ ዜማው ቀስ በቀስ ይቀራል። ለመራመድ የሚቸገረውንም አንድ ሰው ደግፎት፣ ሌላው በመቋሚያ ምት እርምጃውን ይምራለት፤ ይህንስ ለአቋቋም መምህር ማስረዳት አያሻም።

ካህናት አባቶች ሆይ፣ አንደበቱ የተያዘውን ሁሉ አእምሮው እንደጠፋ አንቁጠረው። የምንናገረውን ሊሰማ ይችላል፤ የንስሐ አባቱም በእጅ ምልክት ሊያነጋግረው ይሞክር። ጠበል የሚጠመቀውም በሐኪም የታዘዘለትን የደም ግፊት መድኃኒት እንዳያቋርጥ ይምከሩት። ፊቱ በድንገት የጠመመ፣ እጁ የዛለ ሰው ግን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።